ዕዳው ገብስ አይደለም

ባሕር ዳር አመስጋኝ አጥታ አታውቅም። ዘንባባዋ ይወደሳል፣ ሐይቋ ይወደሳል፣ ዓሣዋ ይወደሳል፣ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ሳይቀር ይወደሳል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጀልባ ተከራይቶ ክብራን ገብርኤልንና ዘጌን ያያል፣ ፎቶውን ይነሳል፣ አገሩ ሲመለስ ስማችንን በመልካም ያነሳልናል። በዚህ ሁሉ ውዳሴ መካከል ግን አንድ ባለውለታ ተረስቶ ቀርቷል። አደባባይ አልተሰየመለትም፣ ሐውልት አልቆመለትም፣ በበዓል ቀን እንኳ ከመድረክ ስሙ ተጠርቶ አልተጨበጨበለትም። ይህ ሰው የቤት አከራይ ወኪል ነው። ዛሬ ብድሩን ልመልስለት ተነስቻለሁ፤ እርሱ ብድር ሳይመለስ ማደሩን እንደማይወድ ስለማውቅ።

የትኛውን ወኪል እንደምል የከተማው ተከራይ ሳልነግረው ያውቃል። የቤቱ ባለቤት አሜሪካ ናቸው። ቤቱን አሠርተው፣ አስመርቀው፣ ቁልፉንና ውክልናውን ለአንድ የታመነ ሰው ሰጥተው ተመልሰዋል። የታመነው ሰው ቀድሞ ደላላ ነበር። አሁንም ደላላ ነው፣ ነገር ግን ደብተር ገዝቷል። ደብተሩ ጠርዙ ቀይ የሆነ፣ መሐሉ በላስቲክ የታሰረ፣ ከብብት የማይለይ ደብተር ነው። የተከራይ ስም፣ የገባበት ቀን፣ የከፈለው፣ ያልከፈለው፣ ሊከፍል ያሰበው ሁሉ እዚያ ውስጥ ሰፍሯል። እኔ በበኩሌ ጽሕፈቱን አይቼ ቀንቻለሁ፤ ቁጥሮቹ እንደ ቁም ጸሐፊ ሥራ አንዱ ከአንዱ ሳይበላለጥ ተሰልፈዋል።

አሁን ወደ ታላቁ ውዝፍ ልግባ። የአክስቴ ልጅ መምህርት ናት። ቀበሌ 14 ውስጥ ከአንድ ግቢ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ትኖር ነበር፤ ኪራይዋ በወር 5,500 ብር። ነሐሴ ሲያልቅ ውሏም አለቀ። አባይ ማዶ ያገኘችው ቤት ቀለሙ ስላልደረቀ ግን ወዲያው መውጣት አልቻለችም። ጳጉሜን መቼም ደመወዝም ኪራይም የማይታሰብባት የምሕረት ወር ናት፤ አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት። ወኪላችንም የጳጉሜን አልጠየቀም። ይህን ቸርነቱን ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ንግግሩ መግቢያ ላይ ያነሳዋል፤ እኔ ብሆንም አነሳው ነበር። መስከረም ከጠባ በኋላ ያደረችባቸው አራት ቀናት ግን ምሕረት የላቸውም። 5,500 ለ30 ተካፍሎ በ4 ሲባዛ 733 ብር ከ33 ሳንቲም ይሆናል። እርሷ የዋህ ናትና በቴሌብር 700 ብር ልካ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ፣ ዕቃዋን ጭና ሄደች። 33 ብር ከ33 ሳንቲም ቀረ።

ተራ ሰው ቢሆን «ዕዳው ገብስ ነው» ብሎ ይተወዋል። የእኛ ሰው ግን ገብስ ንቆ አያውቅም። ገብስም ይሰፈራል።

ስልኩ የተደወለው በማግስቱ በጠዋት ነው። እንዴት ያለ ጨዋ ስልክ ነበር! «እንዴት አደርሽ እህቴ? ደህና ነሽ? እናትሽ ደህና ናቸው? ተማሪዎችሽ ደህና ናቸው? አዲሱ ቤት ተስማማሽ? ውሃ አለው? ጎረቤቱስ?» እርሷም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። እርስዎስ እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደህና ነው?» አለች። የሁለቱም ወገን ዘመድ በስም በስሙ ተጠይቆ ካለቀ በኋላ፣ ልትሰናበት ስትል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንዲት ትንሽ ነገር ነበረችኝ» አለ። ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ትንሽ ናት፤ ለእርሱ ግን እህልም ውሃም ናት።

«በቴሌብር አሁኑኑ ልላክልዎ» አለችው። አልፈለገም። ስልክ ሒሳብ ያምታታል፤ 700 ብሩም ቢሆን በእጅ ቢሰጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር አለ። በእጅ ይሁን፣ ፊት ለፊት ይሁን፣ ደብተሩ ባለበት ይሁን። «ደግሞም እህቴ፣ ጉዳዩ የገንዘብ አይደለም፤ የመርህ ነው።»

መርህ ያለው ሰው ማግኘት በዚህ ዘመን እንዴት ብርቅ እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። የመርህ ሰው ደግሞ አያርፍም። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ተደወለ፤ ጸሐፊዋ ስልኩን አንስታ «የቤት ኪራይ ዕዳ ያለብሽ ይመስላል» ስትላት መምህራን ማረፊያው ውስጥ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ማንኪያውን አቆመ። ቀጥሎ ውሉ ላይ በምስክርነት የፈረመው ሰውዬ ጋ ተደወለ፤ እርሱ ማን ላይ ምን እንደፈረመ ከረሳ ቆይቷል። ከዚያ ደግሞ መራዊ ያሉ እናቷ ጋ። እናቲቱ ደንግጠው «ልጄ ታስራለች ወይ?» ብለው ጎረቤት ጠሩ። ወኪላችን አጽናናቸው። «ኧረ አልታሰረችም እናቴ፣ እኔ እያለሁ ማን ያስራታል?»

አንዱን ግን ሳልዘረዝር ብቀር ነውር ይሆንብኛል። የሰፈር ሰው አርፎ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። ወኪላችን ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ፣ ፊቱን አጥቁሮ ድንኳን ገባ፤ ሐዘንተኞቹን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ፤ ከዚያ ቦታ ሁሉ መርጦ ከአክስቴ ልጅ አጠገብ ተቀመጠ። ንፍሮው ሲዞር ጥቂት ዘገነ። ዓይኑን ከንፍሮው ሳያነሳ «ሞት ለማንም አይቀርም» አለ። እርሷም «እውነት ነው ጋሼ» አለች። «ሰው ማለት ዕዳውን ጨርሶ የሄደ ነው» አለ። ሟቹን የሚያወድስ የመሰላቸው አንድ አዛውንት እንባቸውን ጠረጉ።

እስቲ ከዚህ ወዲያ ለሥራው የሚተጋ ሰው ማን አለ? በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ለምን እንደተሠራ ብዙ ተብሏል፤ ትራፊኩን ያቀላል፣ ንግዱን ያሳልጣል፣ ከተማውን ያስውባል ተብሏል። ወኪላችን ደብተሩን ታቅፎ በኮንትራት ባጃጅ ድልድዩን ሲሻገር ያየ ግን ትክክለኛውን ምክንያት ይረዳል። የባጃጁ ሒሳብ ከውዝፉ ይበልጣል። ይህን ያነሳሁት ለትችት አይደለም። ለ33 ብር ከዚያ የበለጠ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ራስ ወዳድ ሊባል አይችልም፤ ወጪውን በኋላ ለባለቤቲቱ «መጓጓዣ» ብሎ የሚያወራርደው መሆኑ ደግሞ የውስጥ አሠራር ስለሆነ እኛን አይመለከትም።

በሩ ላይ ቆሞ መነጽሩን አደረገ። ላስቲኩን ፈትቶ ደብተሩን ገለጠ። የአክስቴ ልጅ 35 ብር ዘረጋችለት። አየው፣ አልነካውም። «መልስ አልያዝኩም» አለ። «መልሱን ይተዉት ጋሼ።» «አልተወውም! የሰው ትርፍ አልወስድም። ሒሳቡ 33 ከ33 ነው።»

እዚህ ላይ የአገራችን የገንዘብ ታሪክ ገባ። የሳንቲም ዓይነቶቻችን አንድ፣ አምስት፣ አስር፣ ሃያ አምስትና ሃምሳ ናቸው፤ የቀደሙት 1969 የሚል ዓመት የተቀረጸባቸው። 33 ሳንቲም በትክክል ለመክፈል ሃያ አምስት፣ አምስትና ሦስት ባለ አንድ ሳንቲም ያስፈልጋል። ባለ አንድ ሳንቲሟ ነጭ ቀላል ብረት ናት፤ ጎልማሶቹ በልጅነታችን ተጫውተንባታል፣ ልጆቻችን ግን መኖሯንም አይሰሙ። ዛሬ በ10 ሳንቲም የሚገዛ ነገር በባሕር ዳር ገበያ የለም፤ ባጃጅ ሹፌር ፊት ሃምሳ ሳንቲም ብትዘረጋ ያፍርልሃል። ወኪላችን ግን የብሔራዊ ገንዘባችንን ክብር ከእነሳንቲሙ የሚጠብቅ ብቸኛ ዜጋ ሆኖ ደጇ ላይ ቆሟል። ባንኮቻችን እንኳ ይህን ያህል አልደከሙለትም።

ዓሣ ሻጮቻችን ከእርሱ ሊማሩ ይገባል። ሐይቁ ዳር ቀረሶ ስትገዛ ሴትዮዋ ሚዛኑ ሞልቶ ሳለ አንዲት ትንሽ ደርባ «ምራቂ» ትልሃለች። ጎመን ሻጯም ትመርቃለች፣ ቡና ሻጯም ትመርቃለች። እንዲህ ባለ ዝርክርክነት ነው እንግዲህ ያላደግነው። ወኪላችን ምራቂ የሚባል ነገር ሰጥቶም ተቀብሎም አያውቅም።

አንዳንድ ምላሰኞች ይህ ጥንቃቄው በአንድ በኩል ብቻ ያጋድላል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ምን ያድርግ፣ ሰው በሁሉም በኩል ሊጠነቀቅ አይችልም። ለምሳሌ ያቺ ክፍል ክረምት ክረምት ታፈስ ነበር። ሐምሌ ላይ በባሕር ዳር ዝናብ እንዴት እንደሚወርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የአክስቴ ልጅ አልጋዋን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስታዞር፣ የልብስ ማጠቢያ ሳህኗን ከጣሪያው ሥር ስትደግን ሁለት ክረምት አለፈ። ስትነግረው «ነገ ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ» ይላል። እንዳለውም አንድ ቀን መጣ፣ ባለሙያውን ግን አልያዘም፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን አየና «ይህች እንኳ ምንም አትል» አለ። ሳንቲም የማታመልጠው ዓይን በቆርቆሮው ቀዳዳ በኩል ሰማይ እየታየው ምንም አትል አለ። ይህ ነው ትልቅነት፤ ጥቃቅኑን ትቶ አጠቃላዩን ማየት።

የውሃ ቆጣሪውም እንዲሁ ነው። ግቢው አንድ ቆጣሪ አለው፣ ሂሳቡ በራስ ይካፈላል። የአክስቴ ልጅ ታናሽ እህት ለፈተና መጥታ ስታድር እንደ ግማሽ ራስ ተመዘገበች። ዋናው ቤት የሚያርፉት የባለቤቲቱ ዘመዶች ግን ቁጥራቸው ስንት እንደሆነ እስካሁን ደብተሩ አልደረሰበትም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ እርሱም ወኪሉ በሚመርጠው ቀን።

ወደ ዋናው ላምራ፣ ይኸውም መያዣው ነው። የአክስቴ ልጅ ስትገባ የሦስት ወር ቅድሚያ ከፍላ ነበር፤ በዚያ ላይ «ለዕቃ ጉዳት» ተብሎ የአንድ ወር መያዣ፣ 5,500 ብር፣ አስይዛለች። የተጎዳ ዕቃ የለም፤ ያልነበረ ዕቃ አይጎዳም። ስለዚህ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ አንድ ሐሳብ መጣላት። «ጋሼ፣ ከመያዣዬ ላይ 33 ብሩን ይቀንሱና ቀሪውን ይስጡኝ።»

የሕግ ሰው ቢጠየቅ ሐሳቧ ከሜዳ የመጣ አይደለም ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ባለዕዳ ሲሆኑ ዕዳ በዕዳ እንዲቻቻል መንገድ አበጅቷል። ይህ ሕግ ከወጣ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ወኪላችን ቀበሌ 14 ድረስ እስኪመጣለት እየጠበቀ ነው። መነጽሩን አውልቆ፣ እንደ አባት፣ በትዕግሥት አስረዳት። «እህቴ፣ መያዣ ሌላ ነው፣ ውዝፍ ሌላ ነው። መያዣው ባለቤቲቱ ጋ ነው ያለው። እርሳቸው ደግሞ አሜሪካ ናቸው። እዚያ ሌሊት ሲሆን እዚህ ቀን ነው፤ ሰዓቱ አይገጥምልንም።» ያን ያህል ስልክ የደወለ ሰው ሰዓት አልገጠመውም። እዚያ አገር ቀን ሲሆን እዚህ እርሱ ተኝቷል፤ እንቅልፍ ደግሞ ሰብአዊ መብት ነው።

አንድ ጎረቤቷ የሆነ ወጣት ነገሩን ሰምቶ ጣልቃ ገባ። በ2016 ስለወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አነሳ፤ ቁጥሩን ሳይቀር ያውቀዋል፣ 1320። በአዋጁ ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም፤ ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት መሆን አለበት፤ መመዝገብም አለበት። ወጣቱ ይህን ሁሉ ሲዘረዝር ወኪላችን አላቋረጠውም። ሲጨርስ «ጎበዝ ልጅ ነህ» አለው። «እሱ ግን አዲስ አበባ ላሉት ነው።» ከዚያም ወደ አክስቴ ልጅ ዞሮ «33 ከ33» አለ።

እኔ ይህን ሰው ከልቤ አደንቀዋለሁ ስል ብቻዬን አይደለሁም። ሰፈሩም ያደንቀዋል። «ጠንቃቃ ነው» ይላሉ፣ «አይቀልድም» ይላሉ፣ «ለአደራ የሚሆን ሰው ነው» ይላሉ። ተከራይ ሆነን በስልኩ የተማረርን ሰዎች እንኳ ቤት ሠርተን ውጭ አገር የምንሄድበት ቀን ቢመጣ ቁልፉን የምንሰጠው ለእርሱ ነው፤ በልባችን እናውቀዋለን። በቀበሌ ቤት የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ታሪኩን ሲሰሙ ስቀው አላባሩም። ቤታቸው በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ከተወረሱት አንዱ ነው፤ ኪራያቸው ጥቂት ብር ነው። «በዚያች ገንዘብ እኔ ስንት ወር እኖራለሁ» አሉ። ወኪላችን ይህን ሰምቶ የተገረመው በኪራዩ ማነስ ሳይሆን፣ እስካሁን ያንን ቤት የሚቆጣጠር የረባ ወኪል በመጥፋቱ ነው።

ስለዚህ ይህ ጉልበት በአንዲት መምህርት ደጃፍ መባከኑ ያንገበግበኛል። እስቲ ጣናን ተመልከቱ። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ፤ እምቦጭ ከገባበት ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ገበሬው በእጁ ነቅሏል፣ ወጣቱ በዘመቻ ወጥቷል፣ ማሽን ተገዝቷል፣ ስብሰባ ተደርጓል፣ ካኔቴራ ታትሟል። አረሙ አሁንም አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እምቦጩ ለማንም ዕዳ የለበትም። እያንዳንዱ ግንድ ለቤት አከራይ ወኪል 33 ሳንቲም እንዳለበት በደብተር ቢመዘገብ ኖሮ እስካሁን ሐይቁን ለቆ፣ አባይን ተከትሎ፣ ሱዳን ገብቶ ጥገኝነት ጠይቋል። ማዘጋጃ ቤቱም የተበላሹ የመንገድ መብራቶቹን ለእርሱ ቢያስረክብ ጥሩ ነበር፤ ግን እርሱ የሚያየው የሚበራውን ነው፣ ቆጣሪ ስላለው።

ጉዳዩ በመጨረሻ የተፈታው በእናቲቱ ነው። ከመራዊ ሲመጡ የድሮ ሳጥናቸውን ፈትሸው፣ በጨርቅ የተቋጠረ ሳንቲም ይዘው መጡ። ባለ አንድ ሳንቲም አልተገኘም። ሃያ አምስትና አስር ግን ተገኘ። ወኪላችን ተጠርቶ መጣ፤ ቡና ተፈላለት፣ ቆሎ ቀረበለት፣ ሦስተኛውን ስኒ እስኪጠጣ ስለገንዘብ ትንፍሽ አላለም፤ ጨዋነቱን ነግሬያችኋለሁ። ከዚያ ደብተሩ ተከፈተ። የአክስቴ ልጅ 33 ብር ከ35 ሳንቲም ቆጠረችለት። እርሱም ቆጠረው፤ ደግሞ ቆጠረው። ሳንቲሞቹን በአውራ ጣቱ ፈትጎ ቀኑን አነበበ። ሁለት ሳንቲም ትርፍ መሆኑን ሲያይ ግንባሩ ተቋጠረ፤ እናቲቱ ሊቆጣ ነው ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ።

አልተቆጣም። ለረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ ስክሪብቶውን አወጣና በስሟ ትይዩ ባለው ረድፍ «ውዝፍ የለም» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም በዚያ በሚያስቀና ጽሕፈቱ «የተከራይ ተመላሽ፣ 0.02» አለ። አሰመረበት። ደረሰኝ ይሰጣት እንደሆነ ስትጠይቀው በእኛ መካከል ደረሰኝ ምን ያደርጋል አላት።

«ሁለቷን ሳንቲም» አለ በሩ ላይ ጫማውን እያሰረ፣ «በፈለግሽበት ቀን መጥተሽ ትወስጃለሽ። እኔ እህቴ፣ የሰው ሐቅ አልበላም።»

«መያዣዬስ ጋሼ?»

ባጃጁ ሞተሩን አላጠፋም ነበርና አልሰማትም።